በስልክ የማይላክ ፈረስ

አዲስ አበባ
መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

እንዴት ከረምሽ? እዚህ ዝናቡ አቁሟል። እንጅባራ ግን ገና እንደማያባራ አውቃለሁ፤ ድንችሽን ጭቃ ውስጥ ቆመሽ ስትመዝኚ ይታየኛል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ደግሞ እንደ ስልኩ ጊዜ "ድምፅህ ግን" አትበይኝ፣ ደብዳቤ ድምፅ የለውም።

ጥያቄሽን ሳልመልስ ስልኩን ስለዘጋሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ሰው ተሰልፎ ነበር፣ አሠሪዬም አጠገቤ ቆሞ ነበር። እሱ እየሰማ "ቁማር ነው ወይ?" ለሚል ጥያቄ ምን ብዬ ልመልስ? አሁን ልመልስልሽ። ቁማር ነው። ግን አይደለም። ፖከር ይባላል፣ የካርታ ጨዋታ ነው፣ በስልኬ ላይ ነው የምጫወተው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይሰጠዋል፣ ሌሎች አምስት ደግሞ መሃል ላይ ለሁሉም ይገለጣሉ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ያልያዘውን እንደያዘ፣ የያዘውንም እንዳልያዘ እያስመሰለ ገንዘብ ያስቀምጣል። ዕድል አለበት። ዕድሉ ግን እየዞረ ለሁሉም ይደርሳል፤ ቆይቶ የሚያተርፈው ራሱን የገዛ ሰው ነው ይላሉ የሚያውቁት።

እኔ የምወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሳሸንፍ እንዳንቺ ቁጥብ ነኝ። ስሸነፍ ግን ሌላ ሰው ይመጣብኛል። ያ ሰው የጠፋውን አሁኑኑ ካላስመለስሁ ብሎ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ያለኝን ሁሉ ይደፋዋል፣ ከዚያ ባዶ ኪሱን ለእኔ ትቶልኝ ይሄዳል። ትልቁ ጠረጴዛ ማለት ብዙ ገንዘብ ይዘው የሚቀመጡበት ማለት ነው። እውነተኛ ጠረጴዛ የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ቆረጥሁ። እስካሁን ያጠራቀምሁትን በሙሉ በአንቺ ስም ባንክ አስገብቼዋለሁ። አገሬ መመለሻዬ እሱ ነው፤ ሲሞላ የራሴን ማሽን ገዝቼ እዚያው እንጅባራ፣ ኮሶበር አስፋልቱ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት እከፍታለሁ። አንቺ ሃያ ቦታ ክፈይው። በየወሩ መባቻ አንዷን ክፋይ ብቻ ላኪልኝ፣ በእሷ ብቻ እጫወታለሁ፣ ካለቀች እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ደውዬ ጨምሪልኝ ብልሽ አትስሚኝ። እየማልሁ ብለምንሽም አትስሚኝ። መጠየቅ የምችለው በደብዳቤ ብቻ ነው፣ እሱም በሰፈራችን ልጅ በአሸናፊ እጅ። የአሸናፊ ሚኒባስ ተበላሽቶ እስኪሠራ፣ መንገዱም ተዘግቶ እስኪከፈት ያ ሰው ይሄዳል።

አደራ።

ወንድምሽ ይኸነው


እንጅባራ
መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህን አሸናፊ ከበርበሬ ጆንያ ጋር ስላመጣው እያስነጠሰኝ አነበብሁት። እኔም ጎረቤቱም ደህና ነን። ገንዘቡም ገብቷል። ባንክ ያለችው ልጅ አንዴ ደብተሩን አንዴ እኔን አየች፤ ይቺ ድንች ነጋዴ ይህን ከየት አመጣችው ብላ ይሆናል። እኔም እንዳንቺው ግራ ገብቶኛል ብላት ደስ ባለኝ።

ጨዋታውን ደጋግሜ አነበብሁት፣ ካርታው ገባኝ። ያልገባኝ የምትወስደው ከማን እንደሆነ ነው። ስሙን ታውቀዋለህ? ልጆች አሉት? አንተ ስታሸንፍ እሱ ቤት ምን ይባላል? እዚህ ሰዎቹ "ይኸነው ኔትወርክ ፍለጋ አገር ለቀቀ" ሲሉኝ "ለሥራ ነው" እላቸዋለሁ። እንዲህ ስል ዋሽቼ እንደሆነ ንገረኝ።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ደውዬ ብለምንሽ አትስሚኝ ብለህ ጻፍህ። ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ደወልህ። ጨምሪልኝ አልህ። አልሰማህም አልሁህ። ደብዳቤውን ቅደጂው አልህ። ደብዳቤውን አውጥቼ ሳየው ደግሞ አትስሚኝ ይላል። ታዲያ የማንን ልስማ? የጻፈውንም የደወለውንም ያሳደግሁት እኔው ነኝ፣ እናታችን ከሞተች ጀምሮ።

ለጊዜው የጻፈውን ሰማሁ። የጥቅምቷን ክፋይ ነገ እልካለሁ። የደወለው ተቀይሞኝ ከሆነ ይቅርታ በልልኝ።

እታለማሁ


አዲስ አበባ
ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

የደወለው አልተቀየመሽም። አፍሮ ነው።

ስም ለጠየቅሽኝ፣ አላውቀውም። ሁሉም በሐሰት ስም ነው የሚቀመጠው። አንዱ የዓሣ ሥዕል አለው፣ ብዙ ጊዜ የማሸንፈው እሱን ነው። ካንቺ ደብዳቤ በኋላ "ልጆች አሉህ ወይ?" ብዬ ጻፍሁለት። ጨዋታውን ጥሎ ተነሥቶ ሄደ። ሁለተኛ አላየሁትም። ልጆች ስላሉት ይሁን ስለሌሉት አልገባኝም፣ አንቺም ይህን ዓይነት ጥያቄ አታስጠይቂኝ፣ ለሥራው አይሆንም።

የጥቅምቷ ቶሎ አለቀች። ሕጌን ግን አልጣስሁም። ጥሼም ከሆነ ትንሽ ነው። ሕጉ ሁለት ጊዜ ተከታትለህ ከተሸነፍህ ተነሥ ይላል፣ ተናደህ አትቀመጥ ይላል፣ ገንዘብህ ሲያንስ ወደ ትንሹ ጠረጴዛ ውረድ ይላል። መውረዱ ነው የሚከብደው። ትንሹ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ልጆች ናቸው፣ ሳንቲም ነው የሚጫወቱት፤ ከእነሱ ጋር ስቀመጥ ሰው የሚያየኝ ይመስለኛል። ማንም አያየኝም፣ ፊቴ እንኳ የለም።

ስለ ኅዳሯ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር። ተውሁት። ለመሆኑ የአባባ ኮርቻ አሁንም ችንካሩ ላይ ነው ወይስ ለሰው ሰጠሽው? ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።

ይኸነው


እንጅባራ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

ኮርቻው ችንካሩ ላይ ነው። ለማንም አልሰጠሁም። ስለ ኮርቻው መጠየቅህ ግን ለምጽፍልህ ነገር መንገድ ስለከፈተልኝ እግዜር ይስጥህ፣ ከየት እንደምጀምር ጨንቆኝ ነበር።

እሁድ ስትደውል አለቀስህ። ስታለቅስ የሰማሁህ አባባ ሲቀበር ነው፣ ከዚያ ወዲህ ሰምቼህ አላውቅም። አልሰማህም ብዬ ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ግን ልልክልህ ቁጥሩን መንካት ጀመርሁ፣ ግማሽ ደርሼ አንድ ሰው ድንች ሊገዛ መጣና ተውሁት። እሱ ባይመጣ ልኬልህ ነበር። እኔንም እንዳንተ ሌላ ሰው መጣብኝ ማለት ነው። ያ ገንዘብ ገንዘብ ሆኖ እስካለ ድረስ አንድ ቀን እንደምልክልህ ገባኝ።

ስለዚህ ፈረስ ገዛሁበት።

እስከ መጨረሻው አንብብ፣ ወረቀቱን አትጣለው። አያ ቢሻውን መቼም አትረሳቸውም፣ ከአባባ ጋር ጎን ለጎን ይጋልቡ የነበሩት የአዘናው። እሳቸው ናቸው የመረጡልኝ፣ ሽማግሌዎቹም በአዊኛ ሲያዋውሉን እሳቸው ናቸው የቆሙልኝ። ዳማ ነው፣ ወጣት ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው። አባባ አንተን ኮሌጅ ለማስገባት ፈረሱን ሲሸጥ ኮርቻውን "ይቆይ" ያለው ለዚህ ይሆናል አሉ አያ ቢሻው። ለማሽኑ ነው የምፈልገው እንዳትለኝ፤ የፈረስ ዋጋ አሁን ዝቅ ያለ ነው፣ ጥር ሃያ ሦስት፣ የፈረሰኞቹ በዓል ሲቃረብ ይወጣል። ነጋዴ ነኝ፣ ይህን አውቃለሁ። ለወር ለወሩ የምልክልህን ጥቂት ክፋይ ለይቼ አስቀርቻለሁ። ውሉ በአንተ ስም ነው።

አሁን ብታለቅስም ምንም ማድረግ አልችልም። ፈረስ በስልክ አይላክም።

እታለማሁ


አዲስ አበባ
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለማሁ፣

ግራ ገብቶኛል። ደብዳቤሽን ለአሸናፊ መልሼ "ይህ የእኔ ነው?" አልሁት። ያንተ ነው አለኝ።

ሃያ ቦታ ክፈይው ነው ያልሁሽ። ለምን ሃያ እንዳልሁ አልነገርሁሽም መሰለኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሃያ ያልሁት ያለሽን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቀምጪ ነው። የሕጎቹ ሁሉ መጀመሪያ ይህ ነው። አንድ ቀን የቱንም ያህል ጥሩ ካርታ ብትይዢ ትሸነፊያለሽ፤ የዚያን ቀን ሁሉም መሃል ላይ ከነበረ ሁሉም ሄደ። አንቺ ደግሞ ያለኝን ሁሉ ሰብስበሽ በአራት እግር አቆምሽው። ቢታመምስ? ጅብ ቢበላውስ? ፎቶ ኮፒ ማሽን ጅብ አይበላውም። ያ ሰው እንኳ፣ ያልሁሽ ሰው፣ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ተቆጥቻለሁ። ስቆጣ ደግሞ የማደርገውን ታውቂያለሽ፣ የኅዳሯም እንደዚያው ሆነች። በአንቺ ላይ ማላከኬ አይደለም። ትንሽ ማላከኬ ነው።

በደንብ ይዘጋበት። ዳማ ስትዪ ቀይ ዳማ ነው ወይስ ጠቆር ያለ?

ይኸነው


እንጅባራ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

ቀይ ዳማ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ አንዱ የኋላ እግሩም ነጭ ነው። ድንች ይወዳል፤ ይህን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

ቁጣህ ትክክል ነው። ሕግህን ሳልረዳ ጣስሁት። ባለፈው ሳምንት አሳለው፣ ገብሱን ተወ፣ ያን ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ያልኸው ነገር ገባኝ። ጎረቤታችን ምህረቴ "ብርድ ነው" አለ፣ እኔ ግን ይኸው ወንድሜን አገሩ እንዳይገባ አደረግሁት እያልሁ ዙሪያውን ዞርሁ። አያ ቢሻው መጥተው ምን እንዳጠጡት አልነገሩኝም፣ ተነሣ። አሁን ደህና ነው። አንተ በየቀኑ እንዲህ እየሆንህ ነው የምትኖረው? ከሆነ እንዴት ትተኛለህ?

ምክር ብዬ አይደለም የጠየቅሁህ፣ ሳይገባኝ ቀርቶ ነው።

ሌላው ወሬ፣ ከዳንግላ አንድ ነጋዴ መጥቶ አይቶት ሄደ። ከገዛሁበት አስበልጦ ይሰጣል፣ በጣም አስበልጦ። አሁን ልሽጠው? ከሸጥሁት ተመልሶ ገንዘብ ይሆናል፣ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ እኔ እኔን አላምናትም። ካልሸጥሁት ይታመምብኛል ብዬ እየፈራሁ እኖራለሁ። ሕግህ ስለ ፈረስ የሚለው ነገር የለም። ባለቤቱ አንተ ነህ፣ በደብዳቤ መልስልኝ። በስልክ የምትለውን አልቀበልም።

እታለማሁ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ሽጪው። አሞኛል፣ ሐኪም ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል ብሎኛል።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ ወረቀቱን አስቀምጬ ሥራ ሄድሁ፣ ማለቴ ወጣሁ። ተመልሼ ሳነበው አልሰረዝሁትም፣ እንድታዪው ትቼዋለሁ። አላመመኝም። ሐኪምም አላየኝም። ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ግን አትጠይቂኝ።

ቢሆንም ሽጪው። አንድ ጠረጴዛ አለ፣ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ እንዴት እንደሚጫወቱ ለይቻለሁ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ላኪልኝ፣ አንዴ ብቻ። የጠፋው ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ሃያ ቦታ ሳይሆን መቶ ቦታ ትከፍይዋለሽ። ተረጋግቼ ነው የምጽፍልሽ፣ ጽሕፈቴን እዪው።

ደግሞ በደብዳቤ ነው የጠየቅሁሽ፣ በአሸናፊ እጅ። ሕጉን አልጣስሁም።

ይኸነው


እንጅባራ
ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

እንኳን ለጌታችን ልደት አደረሰህ፣ ዘግይቶም ቢሆን። ገናን ብቻዬን ዋልሁ፤ ብቻዬን ስል ምህረቴና ልጆቹ ነበሩ፣ አንተ አልነበርህም ለማለት ነው።

ያ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ተማረ ማለት ነው።

ጽሕፈቴን እዪው አልኸኝ፣ አየሁት። ያንተ ነው፣ መስመሩም ቀጥ ያለ ነው፣ የመስከረሙም እንዲሁ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ወንድሜ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አንዱ አትስሚኝ ይላል፣ ሌላው ስሚኝ ይላል፣ ሁለቱም እታለም ይሉኛል። እንዳስተማርኸኝ ከሆነ እምቢ ማለት አለብኝ። እንደ ባለቤትነትህ ከሆነ ደግሞ ንብረትህ ነው፣ እምቢ የምልህ ማን ነኝ? አለቀስሁ። ደክሞኛል፣ ይኸነው። የድንች ነጋዴ ነኝ፣ ሁለት ወንድም ማስታረቅ አልችልም።

እኔ እንኳ ልሽጠው ብል አይሆንም። የዳንግላው ነጋዴ የተሰረቀ እንዳይሆን ፈርቶ ባለቤቱ ቆሞ ልጓሙን በእጁ ካላስረከበኝ አልገዛም አለ። ውሉ ላይ ያለው ስም ያንተ ነው። በዓሉ ሳይደርስ አዘና ገበያ ላይ እጠብቀዋለሁ ብሏል። ስለዚህ መሸጥ ከፈለግህ መጥተህ ሽጠው። ቁልፉ ምህረቴ ጋር ነው። እኔ ከጥምቀት በፊት ለየሻረግ ሠርግ ዳንግላ እሄዳለሁ፣ የአክስታችን ልጅ ናት፣ መቅረት አልችልም። ስትመጣ ባልኖር ይሻላል። ብኖር እለምንሃለሁ፣ መለመንም ሆነ ሲለምኑኝ መስማት ሰልችቶኛል።

ኮርቻው ግን የአባባ ነው፣ እሱን አትሽጥ። ፈረሱን ብትሸጠው አልቆጣህም። ላለመቆጣት እየሞከርሁ ነው።

እታለማሁ


እንጅባራ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይኸነው፣

ይህን ምህረቴ ነው የሚያመጣልህ። ከነገ ወዲያ በግ ሊገዛ አዘና ይወርዳል፣ አያ ቢሻው ቤት ካጣህ ይዞት ይመለሳል።

ከሠርጉ ዛሬ ተመለስሁ። በረቱ ባዶ ነው። ኮርቻውም የለም። ምህረቴን መጥቶ ነበር ወይ ስለው አዎ አለ፣ ቁልፉን ተቀበለኝ፣ ሻይ እንኳ አልጠጣም፣ በአዘና መንገድ ወረደ አለ። ፊቱ ምን ይመስላል አልሁት። እንደ መንገደኛ ነው አለኝ። ከስቷል ወይ አልሁት። ስለ በግ ዋጋ ያወራኝ ጀመር።

ኮርቻው ይሰቀልበት ከነበረው ችንካር ላይ ግን ስልክህ ተንጠልጥሏል። በማሰሪያው ነው የተንጠለጠለው፣ ወድቆ አይደለም። ሳወርደው አንዴ ጮኸ፣ ካርታ የመሰለ ነገር አሳየኝ፣ ከዚያ ባትሪው አልቆ ጠፋ። አንተ ስትተኛ እንኳ ከእጅህ የማይወጣው ስልክ ነው። ቁጭ ብዬ አየሁት፣ አየሁት፣ የሚነግረኝ ነገር የለም።

ስለ ፈረሱ አልጠይቅህም። ስለ ገንዘቡም አልጠይቅህም። ይህን ብቻ መልስልኝ፣ ስልኩን ረስተኸው ነው ወይስ ትተኸው?

እታለማሁ


አዘና፣ አያ ቢሻው ቤት
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

የየሻረግ ሠርግ እንዴት ነበር? ባልመጣም እንኳን ደስ አላት በይልኝ። ምህረቴ ደብዳቤሽን ሰጥቶኝ መልሱን እየጠበቀ በጉን ይዞ በር ላይ ቆሟል፣ ስለዚህ እንደመጣልኝ እጽፋለሁ።

ረስቼው ነው ወይስ ትቼው? አላውቅም። እውነቴን ነው። ኮርቻውን ለማውረድ ሁለት እጅ ያስፈልግ ነበር፣ ስልኩን ችንካሩ ላይ ሰቀልሁት። ከዚያ ፈረሱን ለመጫን ስታገል ቆየሁ፤ የኮርቻው ልብስ፣ ግላሱ፣ በየት በኩል እንደሚደረግ ረስቻለሁ፣ እሱም ታዘበኝ። ከከተማው ከወጣሁ በኋላ ኪሴን ዳሰስሁ። የለም። ልመለስ ብዬ ልጓሙን ሳብሁ። ፈረሱ አልዞረም። ወይም እኔ በደንብ አልሳብሁም ይሆናል። ይህን መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ፣ እስካሁንም አልለየልኝም።

የመጣሁት ልሸጠው ነው። ይህን አልደብቅሽም። ሚኒባስ ውስጥ ከአሸናፊ ጎን ተቀምጬ ገንዘቡን ጨዋታው ላይ በየት በየት እንደማስቀምጠው እያሰብሁ ነው የመጣሁት። ነጋዴው አዘና ገበያ ላይ ጠበቀኝ። ጥርሱን ከፍቶ አየ፣ እግሩን አንሥቶ አየ፣ ሲጋለብ ልየው አለ። እኔው ጋልቤ ላሳየው ወጣሁ። እንዴት እንደሄደ አልጽፍልሽም፣ አያ ቢሻው ይንገሩሽ። ስወርድ ሰዎቹ ይስቁብኝ ነበር፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ነጋዴው ዋጋ ጠራ። አያ ቢሻው እንኳ ቀና ብለው አዩኝ። "በስልክ ላስገባልህና መግባቱን እይ" አለኝ።

ስልክ የለኝም አልሁት። ከአዲስ አበባ መጥተህ ስልክ የለህም አለና ሳቀ። እንግዲያው ጥሬ ገንዘቡን ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ፣ እዚሁ ጠብቀኝ አለ። እሺ ማለት ነበረብኝ። ቅዳሜ ከበዓሉ ማግስት ነው። አልጠብቅህም አልሁት። ለምን እንዳልሁት እሱም ጠየቀኝ፣ እኔም ራሴን ጠየቅሁ።

ያ ሰው ዋጋው ሲጠራ ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ገበያው መሃል ቆሜ ጠበቅሁት። አልመጣም። ነገ ይመጣ እንደሆነ አላውቅም፣ ስለዚህ አልምልልሽም፤ ስምል ምን እንደሚከተል ሁለታችንም እናውቃለን። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሥራ የለም፣ ከኅዳር ጀምሮ የለም። ማሽኑም ገና ነው። ያለኝ ፈረስ ብቻ ነው፣ እሱም ሙሉ በሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ።

አያ ቢሻው አርብ ከፈረሰኞቹ ጋር ከኋላ በኩል ትሰለፋለህ፣ ከልጆቹ ጋር፣ ከዚያ በላይ አልፈቅድልህም ብለውኛል። ከልጆቹ ጋር መሆን ይከብደኛል ብዬ ነበር። እሺ አልኋቸው።

ሐሙስ ቤት እደርሳለሁ። ገብስ ካለቀ ግዢ። ስልኩን ቻርጅ አታድርጊው።

ይኸነው